የማይታየው አሳዳጅና የሕጉ ሚዛን

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአገራችን በቆየው ልማድ፥ አንድ ሰው በመንገድ ላይ ጠበኛው ሲገጥመው ወይም የበደለው ሰው ሲሸሽበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ፥ የተጠራበት ሰው ከዚያ ወዲያ እግሩን ማንሣት ታላቅ ነውር ነበረ። ዱላ ያነሣ ዱላውን ያወርዳል፤ የሚሮጥም ባለበት ይቆማል። ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፥ ጎን ለጎን እየተራመዱ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፥ የሕግ ስም ከዱላው ቀድሞ መድረሱ ነው። ሁለተኛው፥ ከሳሹ ብቻውን ሄዶ የሚፈርድ ሳይሆን ተከሳሹም አብሮት ከዳኛ ፊት መቆሙ ነው።

ነገር ግን አሳዳጁ የማይታይ ቢሆንስ? በሌላ ከተማ፥ ምናልባትም በሌላ አገር ተቀምጦ፥ ስሙን ለውጦ፥ ሌሊት በእጅ ቴሌፎን፥ ቀን በኮምፒዩተር እየገባ የሚያስጨንቅ ቢሆን፥ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጩኸት ወዴት ይደርሳል? እግሩንስ ማን ያቆመዋል? ነጠላውስ ከማን ነጠላ ጋር ይቋጠራል? በዚህ ንግግር የምናስረዳው፥ ሰውን አድብቶ ማሳደድ፥ ይልቁንም በኢንተርኔት ማሳደድ፥ እንዴት ወንጀል ተብሎ ሊጻፍ እንደ በቃና በዚህ ወንጀል የተከሰሰ ሰውም በሕግ ፊት ምን መከላከያ እንዳለው ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እንጠራለን።

እንግሊዞች ይህን ድርጊት የሚጠሩበት ቃል ከአዳኞች ቋንቋ የመጣ ነው። አዳኝ ኮቴውን አጥፍቶ፥ በቁጥቋጦ ተከልሎ፥ ሚዳቋዋን ቀስ በቀስ የሚቀርብበትን አካሄድ ያመለክታል። የወንጀሉ ባሕርይም ከዚሁ ይታወቃል። ደብዳቢ በአንድ ምት፥ ሌባም በአንድ ስርቆት ጥፋተኛ ይባላል፤ አሳዳጅ ግን ሥራውን የሚፈጽመው በመደጋገም ነው። ደብዳቤ መጻፍ ወንጀል አይደለም፤ አበባ መላክ ወንጀል አይደለም፤ በአደባባይ መንገድ ላይ መቆምም ወንጀል አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ንጹሕ ነው። ተቀባዩ «ተወኝ» ካለ በኋላ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ግን፥ የሰውየው ቤት እስር ቤት ይሆንበታል፤ የበሩ መንኳኳት ያስደነግጠዋል፤ ቴሌፎኑ በጮኸ ቁጥር ልቡ ይመታል። የቀድሞዎቹ ሕጎች ጉድለት፥ እያንዳንዱን ጠብታ ለብቻው እየመዘኑ «ይህማ ምንም አይከብድም» ማለታቸው፥ ጎርፉንም ሳያዩ መቅረታቸው ነበር።

ሆኖም ነገሩን ከቀድሞ ጀምሮ በከፊል ያዩት ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በ1875 የወጣው የሤራና የንብረት ጥበቃ ሕግ፥ በሰባተኛው ክፍሉ፥ ሌላውን ሰው አስገድዶ አንድ ነገር ለማሠራት ወይም ለማስተው ሲል ከቦታ ወደ ቦታ ያለማቋረጥ የሚከተለውን ሰው እንዲቀጣ ደነገገ። ነገር ግን ሕጉ የታሰበው በሠራተኞችና በአሠሪዎች መካከል በነበረው ጠብ ምክንያት ስለ ነበረ፥ በቤቷ ተቀምጣ የምትጨነቀውን ሴት ለመርዳት አልተጻፈም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1933 ጀምሮ የጸናው የዴንማርክ የወንጀል ሕግ ግን ወደ ነገሩ ይበልጥ ቀረበ። ይህ ሕግ፥ ፖሊስ አስቀድሞ ካስጠነቀቀው በኋላ ሌላውን ሰው በደብዳቤ ወይም ይህን በመሰለ መንገድ እያሳደደ ሰላሙን የሚነሣውን ሰው ይቀጣ ነበር።

አድማጮች ሆይ፤ «ፖሊስ አስቀድሞ ካስጠነቀቀው በኋላ» የሚለውን ቃል ልብ እንድትሉት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ሁለት አገልግሎት አለው። ለተበዳዩ ጋሻ ነው፤ ዱላው ሳይሰነዘር አሳዳጁን ያቆመዋልና። ለተከሳሹም ጋሻ ነው፤ ድርጊቱ ሌላውን እንደሚያስጨንቅ ሳይነገረው በድንገት ከወህኒ እንዳይገባ ይጠብቀዋልና። ከተነገረው በኋላ የቀጠለ እንደ ሆነ ግን፥ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል ከአፉ ይወሰዳል። የእኛ አባቶች በአንድ ጩኸት የፈጸሙትን፥ ዴንማርኮች በአንድ አንቀጽ ጻፉት ማለት ይቻላል።

ቴሌፎን በየቤቱ በገባ ጊዜ አሳዳጁ ከደጃፍ ወደ እልፍኝ ዘለቀ። በአሜሪካ በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ በቴሌፎን ማስፈራራትንና ማስጨነቅን ወንጀል አደረገ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1997 አንድ አስገራሚ ነገር ለታላቁ የፍርድ ሸንጎ፥ ማለት ለጌቶች ምክር ቤት ቀረበ። አንድ ሰው በሌሊት ለሴቶች ቴሌፎን እየደወለ፥ ሴቶቹ ሲያነሡት አንዲት ቃል ሳይናገር ዝም ይል ነበር። ጠበቃው «ዝምታ እንዴት ጥቃት ይባላል?» ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ ግን ዝምታም ቢሆን እንደ ነገሩ ሁኔታ ሰውን በቅርብ በሚመጣ ጉዳት ሊያስፈራ እንደሚችል፥ በአእምሮ ላይ የሚደርሰው የታወቀ ሕመምም የአካል ጉዳት ሊባል እንደሚገባው ፈረዱ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ ከማስጨነቅ የሚጠብቀውን ሕግ አወጣ፤ በ2012ም አድብቶ ማሳደድን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ አንቀጽ ጨመረበት። ከዝርዝሩም አንዱ፥ የሌላውን ሰው የኢንተርኔትና የኢሜይል አጠቃቀም መሰለል ነው።

ይሁንና አድብቶ ማሳደድን በሙሉ ስሙ ለይቶ በመቅጣት በአሜሪካ መጀመሪያ የተነሣው የካሊፎርኒያ ግዛት ነው፤ ያስነሣውም ደም ነው። ሬቤካ ሼፈር የተባለች የ21 ዓመት ተዋናይት፥ በጁላይ 18 ቀን 1989 በሎስ አንጀለስ ከተማ በመኖሪያ ቤቷ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትታ ሞተች። ገዳዩ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ደብዳቤ ይጽፍላት የነበረ ሰው ነው። የቤቷን አድራሻ ያገኘው በግል መርማሪ አማካይነት ሲሆን፥ መርማሪው ያወጣው ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪዎች መዝገብ መሥሪያ ቤት ነበር። በሌላ አነጋገር፥ መንግሥት ዜጎቹን ለመጠበቅ የጻፈው መዝገብ ለገዳይ መንገድ መሪ ሆነ።

ሕዝቡ በዚህ ነገር ሲያዝን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ይህ ሰው በመግደሉ ዕለት ወንጀለኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ከመግደሉ በፊት በነበረው ቀን ሕጉ ምን ይለው ነበር? በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ አድብቶ ማሳደድ የሚባል አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ በ1990 ሕጉን አውጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1991 ጀምሮ በሥራ አዋለው፤ ሌሎቹም የአሜሪካ ግዛቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉት። በ1994ም የፌዴራሉ መንግሥት፥ የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ መዝገብ ለጠየቀ ሁሉ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የካሊፎርኒያው ሕግ መሠረተ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሆነ ብሎ፥ በክፋትና በተደጋጋሚ ሌላውን ሰው የሚከተል ወይም የሚያስጨንቅ፥ ለራሱ ወይም ለቤተ ሰቡ ደኅንነት እንዲፈራ አስቦም እምነት የሚጣልበት ዛቻ የሚያሰማ ይቀጣል።

ይህ ሕግ ከወጣ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ኢንተርኔት በየቤቱ ገባ። ካሊፎርኒያም ዛቻው በኮምፒዩተርና በመሳሰለው መሣሪያ የተላለፈ ቢሆን እንኳ እንደሚያስቀጣ ከ1999 መጀመሪያ ጀምሮ በግልጽ አጻፈ። በዚያው ዓመት በዚሁ ሕግ የተቀጣው ሰው ታሪክ የአዲሱን ወንጀል መልክ ያሳያል። አንድ የቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ ፍቅሩን ያልተቀበለችውን ሴት ለመበቀል፥ በኢንተርኔት የመወያያ ሰሌዳዎች ላይ እርስዋን መስሎ፥ በስምዋ አሳፋሪ ጥሪ ይጽፍ፥ የቴሌፎን ቁጥርዋንና የቤትዋንም አድራሻ ያወጣ ጀመር። ጥሪው እውነት የመሰላቸው የማታውቃቸው ወንዶች ቢያንስ ስድስት ጊዜ፥ አንዳንዱም በእኩለ ሌሊት፥ በርዋን አንኳኩ። እርሱ የላካቸው ግን አንዲት ቃል ለእርስዋ ሳይጽፍ፥ በሌሎች እግር ነበር። ጥፋቱን አምኖ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የፌዴራሉም ሕግ እንዲሁ ደረጃ በደረጃ አደገ። በ1996 የወጣው አንቀጽ የሚቀጣው አንድን ሰው ለመጉዳት ወይም ለማስጨነቅ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገረውን ብቻ ነበር፤ ማለት የሚሻገር እግር ያስፈልገው ነበር። በ2006 በተደረገው ማሻሻያ የኮምፒዩተር አገልግሎት በስሙ ተጠቅሶ ገባ፤ በ2013ም ማናቸውም የኤሌክትሮኒክ መገናኛ ተጨመረ። ቅጣቱ በተለመደው ጊዜ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሲሆን፥ ተበዳዩ ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰበት እንደ ሆነ እስከ አሥር ዓመት፥ የሞተ እንደ ሆነም እስከ ዕድሜ ልክ ሊደርስ ይችላል። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በሚኖሩበት አገር በዚሁ ሕግ ይጠበቃሉ፤ በዚሁ ሕግም ይጠየቃሉ።

ሕግ ወንጀሉን ሳይሆን መሣሪያውን ቆጥሮ የጻፈ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ ከጃፓን ታሪክ እንማራለን። ጃፓን በ1999 አንዲት ተማሪ ከተገደለች በኋላ፥ አሳዳጆችን የሚቆጣጠር ሕግ በ2000 አወጣች። ሕጉ በቴሌፎንና በፋክስ ማስጨነቅን ዘርዝሮ ሲከለክል፥ ኢሜይልን አልጠቀሰም ነበር። በኖቬምበር 2012 በዙሺ ከተማ አንዲት ሴት በቀድሞ ወዳጅዋ ተገደለች። ሰውየው አስቀድሞ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ኢሜይል ልኮላት ነበር፤ ፖሊስ ግን ኢሜይል በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ በዚያ ሕግ ሊይዘው አልቻለም። ሕጉ በ2013 ኢሜይልን፥ በኋላም የማኅበራዊ መገናኛዎችን መልእክት፥ በ2021ም የሰውን አቅጣጫ በሳተላይት የሚጠቁመውን መሣሪያ እንዲጨምር ተሻሻለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማሻሻያ ከአደጋው በኋላ የመጣ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚሳደደው ሰው ነው። አሁን ደግሞ ስለ ተከሳሹ እንናገር። ከአድማጮቻችን አንዳንዶቹ «እንዲህ ላለ ክፉ ሰው መከላከያ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ክፉ መሆኑ የሚታወቀው ከተፈረደበት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ገና ተከሳሽ ነው። ደግሞም ይህ ወንጀል ከሌሎቹ የሚለየው በቃልና በመልእክት የሚፈጸም በመሆኑ ነው። ቃልን የሚቀጣ ሕግ ጠርዙ ካልተለካ፥ ባለዕዳውን ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነጋዴ፥ ሹሙን የሚወቅሰውን ዜጋ፥ ለልጁ ቀለብ የሚከራከረውን ወላጅ ሁሉ ይቆርጣል። ስለዚህ መከላከያዎቹ ለወንጀለኛ የተተዉ ቀዳዳዎች አይደሉም፤ የሚዛኑ ሁለተኛ ሰሐን ናቸው።

የመጀመሪያው መከላከያ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ነው። በኢንተርኔት ስምን መልበስ ልብስን እንደ መልበስ ቀላል ነው። መልእክቱ በአንድ ሰው ስም ወይም ከአንድ ቤት መስመር መውጣቱ፥ ቁልፉን የነካው እርሱ ራሱ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። ከላይ የተናገርነው የ1999 ነገር ራሱ ምስክር ነው፤ በዚያ ጉዳይ መልእክቶቹ ሁሉ የወጡት በተበዳይዋ ስም ነበርና። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የጻፈውን እጅ ጭምር ማስረዳት አለበት። የተቆራረጠና መልሱ ተወግዶ አንድ ወገን ብቻ የቀረበ የመልእክት ቅጂም፥ ሙሉው እንዲቀርብ ተከሳሹ ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው «ድርጊቱ ተከታታይ አይደለም» የሚለው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ ሁለት ድርጊቶች፥ እነዚህም በአንድ ዓላማ የተያያዙ መሆን አለባቸው። በንዴት የተጻፈ አንድ መልእክት ነውር ሊሆን ይችላል፤ ዛቻ ከሆነም በሌላ አንቀጽ ያስጠይቃል፤ ማሳደድ ግን አይባልም።

ሦስተኛው «የሠራሁት በሚገባ ምክንያት ነው» የሚለው ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ሠራተኞች አድመው በመሥሪያ ቤት ደጃፍ መቆማቸውን ከወንጀሉ አውጥቶታል። የእንግሊዝም የ1997 ሕግ ወንጀልን ለመከላከል ወይም ለማወቅ ተብሎ የተደረገውን፥ በሌላ ሕግ የተፈቀደውንና እንደ ሁኔታው ተገቢ የሆነውን አይቀጣም። ይሁንና ይህም ወሰን አለው። በ2013 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አየ፤ አንድ ሰው የቀድሞ አሠሪውን «አጭበርባሪ ነው» እያለ ለዓመታት ለፖሊስና ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ሲከስ ኖሮ፥ ፖሊስ መርምሮ ምንም ካላገኘ በኋላም አልተወም ነበር። ፍርድ ቤቱ፥ ወንጀልን አወጣለሁ የሚል ሰው ቢያንስ በእጁ ያለውን ማስረጃ በአእምሮው መዝኖ መሆን አለበት፤ ምክንያት የለቀቀው ዓላማ መከላከያ አይሆነውም ብሎ ፈረደ።

አራተኛው «የተናገርሁት ለአደባባይ ነው እንጂ ለእርስዋ አይደለም» የሚለው ነው። በ2011 በሜሪላንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረበው ተከሳሽ፥ አንዲትን የሃይማኖት መሪ የሚዘልፉ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ጽሑፎች በትዊተር አውጥቶ ነበር። ዳኛው እነዚህን ጽሑፎች በጥንት ጊዜ ሰው በገዛ ግቢው ላይ ከሚተክለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጋር አመሳሰላቸው፤ ሰሌዳውን ማየት የማይፈልግ ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ በቀጥታ ወደ ቤት ከሚደወል ቴሌፎን ግን ፊትን ማዞር አይቻልም። ስለዚህም ጽሑፎቹ በንግግር ነጻነት የሚጠበቁ ናቸው ብለው ክሱን ሰረዙት። በ2017ም የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ስለ ሌላ ሰው መናገርንና ለሌላ ሰው መናገርን ያለ ወሰን ያጠቃለለውን የግዛቱን ሕግ ክፍል ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ጣለው።

አምስተኛውና ከሁሉም ጥልቅ የሆነው የሐሳብ ጥያቄ ነው። ሰውየው መልእክቱ እንደሚያስፈራ ያውቅ ነበርን? ከ2014 እስከ 2016 አንድ ሰው ለአንዲት የኮሎራዶ ዘፋኝ በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶች በፌስቡክ ላከላት። እርስዋ ስትዘጋበት ሌላ ስም እያወጣ ቀጠለ። ከፍርሃት የተነሣ የዘፈን ዝግጅቶቿን እስከ መሰረዝ ደረሰች። የግዛቱ ፍርድ ቤት የመዘነው፥ አስተዋይ ሰው ይህን ቢያነብ ይፈራል ወይ የሚለውን ብቻ ነበር፤ በዚሁም ፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጁን 27 ቀን 2023፥ ሰባት ዳኞች ለሁለት ሆነው፥ ይህ ብቻውን አይበቃም ብለው ፍርዱን ሻሩት። ዐቃቤ ሕግ፥ ተከሳሹ ቃሉ እንደ ዛቻ ሊቆጠር እንደሚችል ዐውቆ፥ ነገር ግን ግድ ሳይኖረው መላኩን ማስረዳት አለበት አሉ። ሁለቱ የተለዩት ዳኞች ደግሞ የተበዳዩ ፍርሃት በአድራጊው ልብ ሊለካ አይገባውም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእንግሊዝ ሕግ በበኩሉ «ማወቅ ይገባው ነበር» በሚለው ይረካል። ሁለት ሥልጡን አገሮች በአንድ ጥያቄ ላይ በሁለት መንገድ መሄዳቸው፥ ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል።

መከላከያ የማይሆኑም አሉ። «እወዳት ስለ ነበረ ነው» ማለት መከላከያ አይደለም፤ ፍቅር ተቀባዩን እስረኛ ለማድረግ መብት አይሰጥምና። «የዛትሁትን የመፈጸም ሐሳብ አልነበረኝም» ማለትም በካሊፎርኒያ ሕግ አያድንም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ለማስፈራት ማሰቡን እንጂ ለመፈጸም ማሰቡን አይደለምና። «ስዝት በእስር ቤት ነበርሁ» የሚለውም በዚሁ ሕግ ከክስ አያስመልጥም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ የተላከ መልእክትም ተመልሶ አይያዝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዛቻን ይቀጡ ነበር። በመሣሪያ ማሳደድን ለይቶ የደነገገው ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 ነው። በአንቀጽ 13፥ ስለ ተበዳዩ ወይም ስለ ቤተ ሰቡ በኮምፒዩተር ሥርዓት መልእክት ደጋግሞ በማስተላለፍ፥ ወይም የኮምፒዩተር ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃትን፥ ሥጋትን ወይም የአእምሮ ጭንቀትን ሆነ ብሎ የሚያደርስ ሰው፥ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፥ ነገሩ ከባድ ሲሆንም ከአሥር ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ተደነገገ። «ሆነ ብሎ» የሚለው ቃል የተከሳሹ ሰሐን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው፥ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዳይደፈር፥ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት እንዲጠበቅ ይናገራል። እነዚህ ሦስቱ አንቀጾች በአንድ የማሳደድ ክስ ላይ በአንድ ጊዜ ከዳኛው ፊት ይቆማሉ።

ከዚህ ታሪክ ለኑሮ የሚጠቅመውን በአጭሩ እናውጣ። በመልእክት የሚሳደድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በግልጽና በጽሑፍ «ከእንግዲህ አትላክልኝ» ይበል፤ ከዚያ ወዲያ አይመልስ። መልእክቶቹ የቱንም ያህል ቢያስጠሉት አያጥፋቸው፤ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይያዛቸው፤ ለፖሊስም ያመልክት። ያ አንድ ቃል የእኛ ዘመን «በሕግ አምላክ» ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተለየ ክብደት ይኖረዋልና። የተከሰሰም ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብሎ እንኳ ወደ ከሳሹ አይላክ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ይጠብቅ፤ ሙሉውን ጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ጠበቃ ያማክር።

በመጨረሻም፥ ከአድማጮቻችንና ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ፥ አንድ ነገር ለእነርሱ እንናገራለን። በካሊፎርኒያ የገዳዩን መንገድ የጠቆመው የመንግሥት መዝገብ መሆኑን ተናግረናል። በዙሺም እንዲሁ ነበር። ሴቲቱ አዲሱ አድራሻዋ እንዳይሰጥ ለከተማው መሥሪያ ቤት አመልክታ ነበር፤ ነገር ግን አንድ የግል መርማሪ ባልዋን መስሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቴሌፎን ደወለ፤ ከወዲያኛው ጫፍ የነበረውም ሰው አድራሻዋን ነገረው። በማግሥቱ ሞተች። በ2018 ፍርድ ቤት የከተማውን አስተዳደር 1.1 ሚሊዮን የን ካሣ አስከፈለው። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321፥ የሰው መረጃ የባለመረጃው እንጂ መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ እንዳልሆነ የሚያስገነዝብ ነው።

ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም ብለን እንገምታለን፤ ምናልባትም ትሑትና ባለጉዳይን የማያጉላላ ነበር። ነገር ግን በመዝገብ የተጻፈ አድራሻ፥ የቴሌፎን ቁጥር፥ የልጆች ትምህርት ቤት ስም፥ የሰው ነፍስ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። «ባለቤትዋ ነኝ» የሚል ድምፅ በቴሌፎን ሲመጣ፥ «መጥተው መታወቂያዎን ያሳዩ፤ እኛም ባለመብትዋን እንጠይቃለን» ብሎ በትሕትና መመለስ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ሕግ አውጪው ዐዋጁን ጽፏል፤ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይመዝናል፤ አሳዳጁ ከደጃፉ ሳይደርስ ማቆም የሚቻለው ግን ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ነው።